ለሞሪሷ መስኮት ፀሐይ ስንጠብቅ

ኑዋራ ኤሊያ
ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1978

ይድረስ ለልጄ ለያሶማ፤ ጋል፣

እንዴት ከረምሽ? የባሕር ጠረፉ ሙቀት አላከሳሽም? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ ብርድ በቀር ደህና ነኝ። ታናሽሽ ሩቫኒም ደህና ናት፤ ምላሷማ ከእሷም ይበልጥ ደህና ነው።

የእጅ ጽሑፉን ስታዪ ክው ብለሽ ይሆናል። አዎ፣ እሱ ነው። የሚጽፍልኝ የባልሽ አባት ዊልበርት ነው። ማንም አልሞተም፤ ተረጋጊ። እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም። በዚህ ተራራ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ስይዝ አንድም ገደል ስምህን ጻፍ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዊልበርት ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ከአውቶቡስ የተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እየጠበቅሁ ነው። እሱም ፀሐይ እየጠበቀ ነው። ሁለት ሽማግሎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚፋጠጡ፣ አንዱ እስክርቢቶ ካለው ደብዳቤ ይጻፍ አልኩ። የምለውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሊጽፍ ምሏል፤ ስለ ራሱ ክፉ ብናገርም ይጽፋል። እስቲ እናያለን።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ሩቫኒ ልታገባ ነው። ሰርጉ ከሙሉ ጨረቃው በዓል በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ልጁ የካንዲ ሰው ነው፤ ፖስታ ቤት ይሠራል። አባቱ የሩዝ መሬት አለው፤ እናቱ ስትናገር ትንሽ ታምባርቃለች እንጂ ክፉ ሰው አይደለችም። ኮከባቸውም ተቆጥሮ ገጥሟል። ሁሉ ነገር አምሮ ሳለ ባለፈው ሳምንት እህትሽ ሩዝ እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እትዬ ካልመጣች እኔ ሞሪሷ ውስጥ አልገባም» አለችኝ።

«ታዲያ በምን ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«በእግሬ። ካንዲ ድረስ። ሰው ለምን በእግርሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ ምክንያቱን እነግረዋለሁ።»

ይህች ልጅ ይህን ግትርነት ከማን እንደወረሰችው እኔ አላውቅም። ዊልበርት እዚህ ጋ ሳቀ። መሳቅህንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

«መጀመሪያ የመኪናዋ መስኮት ይሠራ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ» ብያት ወጣሁ። እንዲህ ያልኩት ሥራው የአንድ ጠዋት ነገር መስሎኝ ነው። እንግዲህ ይሄ መስኮት ምን እንዳደረገኝ ስሚ።

ሞሪሷ ያቺው ናት። የሻይ እርሻው ነጭ ሹም አገሩ ሲገባ ቁልፏን በእጄ ያስጨበጠኝ ያቺው። ሞተሯ ዛሬም በመጀመሪያው ይነሳል፤ የጣሪያዋ ሸራ አልሳሳም። የኋላ መስኮቷ ግን፣ ያ ላስቲኩ፣ አንቺ እዚህ ሳለሽ ቢጫ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሻይ አተላ የደፉበት መሰለ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ለሰርግ በተከራየች ቁጥር አበባ ሠሪዎቹ የሙሽሮቹን ስም ከወርቃማ ወረቀት ቆርጠው በማስቲሽ ይለጥፉበታል፤ ሲልጡት የላስቲኩን ቆዳ ይዘውት ይነሳሉ። አምና አንዲት የሙሽራ እናት ከኋላ ባለው መኪና ሆና ስታይ የልጇ ስም አጠገብ የሌላ ወንድ ስም አነበበች። የፊተኛው ሰርግ ማስቲሽ ፊደሉን ላስቲኩ ላይ ጥሎት ኖሯል። ሴትዮዋ መሀል መንገድ ላይ አስቁማኝ ጮኸችብኝ። እኔ ምን ላድርግ? ለእኔ ሁሉም ያው ጭረት ነው።

የሰርግ ሰው ደግሞ የሚከተለው ከኋላ ነው። የሙሽራው ዘመድ አዝማድ ከእኔ ደጅ እስከ ካንዲ ቁልቁለቱን ሁሉ የሚያየው የእኔን ፊት አይደለም፤ የሞሪሷን ቂጥ ነው። ዊልበርት «ጀርባ» ብሎ ሊጽፍ ፈልጎ ነበር። ያልኩትን ጻፍ አልኩት።

ባለፈው ወር የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጁን ሲድር ኮከብ ቆጣሪው ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበትን መልካም ሰዓት ጎህ ሲቀድ ላይ አደረገው። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ፎቶ አንሺው ጣሪያው ይውረድልኝ አለ። ላስቲክ በብርድ እንደማይታጠፍ እኔ አጥቼው አይደለም፤ እናንተንስ ያስተማራችሁ ማን ሆነና? ግን ሰዓቱ ሊያልፍ ነው ብሎ ያልጮኸ የለም፤ ካህን ሳይቀር ይጮሃል። ሸራውን ፈትቼ ወደ ኋላ ስለቀው ላስቲኩ መሃል ለመሃል እንደ ፓፓዳም ቂጣ ቀጭ አለ። የሙሽራዋ አክስት መጥፎ ገድ ነው ብላ ደረቷን ያዘች። «ገድ አይደለም፣ ብርድ ነው» አልኳት። አልሰማችኝም። እነሆ ከዚያ ወዲህ ለሰርግ የጠራኝ የለም።

በቁስል ፕላስተር ለጠፍኩት፤ ዝናብ አነሳው። ከዚያ የገበያውን ልብስ ሰፊ፣ ሶማፓላን፣ አዲስ ላስቲክ ግጠምልኝ አልኩት። ሱሪ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ግን አፉ ሁሉን ይሰፋል። ለጠረጴዛ የሚነጠፈውን ላስቲክ አመጣና በዚያ ለሸሚዝ ኮሌታ በሚሰፋው ጥቃቅን ስፌት ዙሪያውን ቀጠቀጠው። ሲያዩት ያምራል። ዳገቱን ስወጣ ነፋስ ከውስጥ ገፋው፤ ቀዳዳ ቀዳዳውን ተከትሎ እንደ ቴምብር ተገነጠለና ከኋላዬ ጎመን የጫነ ሰውዬ ፊት ላይ ተለጠፈ። ሰውዬው እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ከዚያ ወዲያ ዋናውን፣ ወፍራሙን ላስቲክ ከኮሎምቦ አስመጣሁ። አሁንስ አይቀለድበትም አልኩ። መልካም ሰዓት ሳይጠየቅለት የተጀመረ ነገር ነው እንዲህ የሚያደርገኝ ብዬ እኔው በእግሬ ኮከብ ቆጣሪው ዘንድ ሄድኩ። «ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ አድርጎ» አለኝ። ሶማፓላ በዚያ ሰዓት ከብርድ ልብሱ ስር ስጎትተው እየረገመኝ መጣ። መብራት አበራን፤ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዞርን። ላስቲኩ በብርዱ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። መርፌው በገባበት ሁሉ እንደ ሸረሪት እግር ይሰነጠቃል። ግማሹን እንደሰፋ አንዱ ጎን ሙሉውን ለቀቀ። ሶማፓላ እጁን እያሞቀ፣ «ሰዓቱ ግን ጥሩ ነበር» አለኝ።

ኮከብ ቆጣሪ ስለ ኮከብ ተምሯል እንጂ ስለ ላስቲክ አልተማረም። ይህን ያላሰበ ማን ነው ብትይኝ እኔ ነኝ፤ ግን መላው ከተማም አላሰበውም። አንድም ሰው ብርድ ነውና ይቅር አላለኝም። ሁሉም ያሉኝ ሌላ ነው። አትክልት ሻጮቹ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ፣ ሩቫኒ፣ ሶማፓላ ራሱ ሳይቀር፣ «ዊልበርት ዘንድ ውሰዳት» ይሉኛል። በዚህ ተራራ ላይ የመኪና ሸራ የሚሰፋ እሱ ብቻ እንደሆነ አጥቼው ነው?

ለምን እንደማልሄድ ታውቂያለሽ። የዊልበርት ልጅ አንቺን በጠዋቱ ባቡር ይዞሽ ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሱቅ ፊት ሳልፍ አንገቴን ወደ ጎመን ተራው አዞራለሁ። የተራራ ሰው ልጁን ለጠረፍ ሰው አይሰጥም፤ ያውም ለመኪና ወንበር ሰፊ ልጅ። ያኔ ብያለሁ፤ ያልኩትን አላነሳም። ዊልበርት እንደዚሁ አድርጎ ጽፎታል? ጽፎታል። ጥርሱን ነክሶ ጽፎታል።

እንግዲህ ትናንት ሞሪሷን በሩ ላይ አቆምኩና ጥሩምባ ነፋሁ። አልወረድኩም። ዊልበርት ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ። ሰላም አላለኝም። መኪናዋን አንዴ ዞራት፤ ከኋላ ቆመና ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ አወዛወዘው።

«ጌታው፣ ይህን ማን ሰፋው? ዶሮ ናት?»

«ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ጎመን ስትዞር አንገትህ ተጣሞ ይቀራል ብዬ ስፈራልህ ነበር።»

«አንገቴ ደህና ነው።»

«አንገትህስ ደህና ነው። መስኮትህን ግን ቅበረው።»

ቁልፉን ላዞር ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ግን የሩቫኒ በእግር መሄድ ትዝ አለኝ፤ ይህች ልጅ ያለችውን ታደርጋለች። ወረድኩ።

ላስቲክ አለህ ወይ አልኩት። ወንበር ላይ ወጣና ከጣሪያው ወራጅ ላይ በአሮጌ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ሲዘረጋው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ መዳፉ ከስሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ላስቲክ ኮሎምቦም አላየሁ። ከየት አመጣኸው አልኩት።

«ከጋል። ወደቡ ላይ የጀልባ ሸራ የሚሰፋ ልጅ አለኝ፤ ምናልባት ታውቀው እንደሆነ።»

«ለማን ታዝዞ ነው?»

«ለዚህች መኪና።»

ላስቲኩ ውስጥ አብሮ የተጠቀለለ ጋዜጣ ነበር፤ በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ። የላይኛው ቅስት፣ ታች ግራ በኩል ያለችው ትንሿ ጎባጣ ሳትቀር። ማን እንደቆረጠው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያቺን ጎባጣ የሚያውቅ መስኮቱን በየእሁዱ የሚያጥብ ሰው ነው። ዊልበርት ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ያሶማ ናት የላከችው። ከዓመት በላይ እዚህ ተሰቅሏል። ‹እንዳትወስድለት፤ ከወሰድክለት ይጥለዋል። ራሱ እስኪመጣ ጠብቅ› ብላኛለች» አለኝ።

እጥለው ነበር? አዎ፣ እጥለው ነበር። ግን አንቺ በምን አወቅሽ ብዬ እጅግ ተናደድኩ። እኔ ወር ሙሉ በፕላስተርና በሶማፓላ ስሰቃይ፣ ላስቲኩ እዚህ በሽርጥ ተጠቅልሎ ይተኛል! ሰው አባቱን እንዲህ ያደርጋል? በንዴቴ «ትልቅ ነው፤ ልኩን ስታለች» አልኩ።

«ትርፉ ለስፌቱ ነው፣ አንተ ሰውዬ» አለኝ ዊልበርት። «መርፌው አየር ላይ ይሰፋል?»

ዛሬ ሊሠራው ተስማማን። አንድ ነገር ግን አለ፤ ላስቲኩ በፀሐይ ሳይለሰልስ መርፌ አያስነካውም። በዚህ ቤት መልካሙን ሰዓት የምትሰጠው ፀሐይ ናት ይላል። ፀሐይዋ ደግሞ እንደምታውቂያት ናት፤ ስትፈለግ የለችም። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ ገበያውን ሸፍኗል። ላስቲኩ የሞሪሷ ኮፈን ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ተዘርግቶ እንደ ታማሚ ተኝቷል። እኛም እንደ አስታማሚ ተቀምጠናል።

ጠዋት ዊልበርት አሮጌውን ስፌት ሲተረትር፣ «ጣሪያውን ስታወርድ ከኋላ ማን ይቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማንም አልኩት።

«ብቻህን ነው የምታጥፈው?»

መርፌህን ያዝ፣ የማይመለከትህን አትጠይቅ አልኩት። ከኋላ የቆመ ሰው ነው ላስቲኩን በሁለት መዳፉ ተቀብሎ፣ ብርድ ልብሱን ከመሃል አስገብቶ የሚያስተኛው። ያንን ማን ይሠራው እንደነበር ለአንቺ መንገር የለብኝም። ሩቫኒን ሞክሬያት ነበር፤ ችኩል ናት፤ እንደ ፎጣ ትጠቀልለዋለች። እኔ ደግሞ ከፊት ሆኜ ወደ ኋላ ልሮጥ ስል ሸራው ቀድሞኝ ይወድቃል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ዊልበርት የልጅሽንም ፎቶ አሳየኝ፤ ለምኜው አይደለም። ጎረምሳው ቆሟል፤ ወንበር ይዞ። ዊልበርት መልኩ የእኛ ወገን ነው እያለ ይኩራራል። ጆሮውን ተመልከት አልኩት። እንዲህ ያለ ጆሮ ጠረፍ ላይ አይበቅልም። ተከራከርን። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ ካየ በኋላ «እሺ፣ ጆሮው ብቻ» አለ። ደግ ነው፤ ጆሮም ቀላል ነገር አይደለም። ስሙ ናላካ ነው አለኝ። ስሙን ከመንገድ ሰው መስማቴ ነው እንግዲህ።

ቆይ። ፀሐይ ወጣች። ዊልበርት እስክርቢቶውን ጥሎ ተነሳ።

አሁን ከምሳ በኋላ ነው። መስኮቱ ገብቷል።

ላስቲኩ ኮፈኑ ላይ እየሞቀ እንደ ሙዝ ቅጠል ለሰለሰ። ዊልበርት የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ሲሰፋ ሉሁን ከወዲያ በኩል የያዝኩለት እኔ ነኝ። ስፌቱ ረጃጅም ነው፤ ሰፋ ሰፋ ብሎ ይረግጣል፤ ላስቲክ ቀዳዳ ሲበዛበት እንደሚገነጠል እኔም ከሶማፓላ በኋላ አውቄያለሁ። «ሳብ» ይለኛል፤ «ለቀቅ» ይለኛል፤ «አትተንፍስበት» ይለኛል። በሕይወቴ እንዲህ ያዘዘኝ ነጩ ሹም ብቻ ነው፤ እሱም «እባክህ» ይል ነበር።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለኝ አንድ ጊዜ።

«የአንተ መርገጫ ነው የሚያንቀጠቅጠው።»

«ቆሟል እኮ። አልረገጥኩም።»

ቀጥል አልኩት። ቀጠለ።

ሸራውን መልሰን ወጥረን፣ ገብቼ መሪውን ይዤ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ዊልበርት መንገዱ መሃል ቆሞ አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ የጎደለው ጥርሱ የትኛው እንደሆነ ሳይቀር አየሁ። ከእሱም ኋላ ጎመን ተራው፣ ከዚያም ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደው መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል። ጥሩ ሥራ ነው። ይህን ስል እንዳይታበይ አልኩና ታች በግራ በኩል ትንሽ ተጨማዷል አልኩት። አልተጨማደደም።

ኮከብ ቆጣሪውንም ዛሬ ስመጣ በደጁ አልፌ አይቼዋለሁ። ሩቫኒ ሰኞ ከቤት የምትወጣበትን ሰዓት ጎህ ላይ አድርጎት ነበር። ሌላ ፈልግ አልኩት። «ሰዓት በሰው ፈቃድ አይለወጥም» አለኝ። ላስቲክም አይለወጥም አልኩት። ብዙ ካጉረመረመ በኋላ መጽሐፉን ገልብጦ ፀሐይ ከፍ ስትል ሌላ መልካም ሰዓት አገኘ። ነበረ ማለት ነው እኮ! መጀመሪያውኑ ማን ከለከለው?

ከዚያ አንድ ነገር ቀረኝ። ሰርግ በወረቀት የሚጠራ የኮሎምቦ ሰው ነው። እኔ የሚታኘከውን የቡላት ቅጠል በእጄ ሳልሰጥ ሰው ጠርቼ አላውቅም፤ አባቴም አያውቅም። ዛሬ ደግሞ ለመስኮት እንጂ ለጥሪ መጣሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ቅጠል አልያዝኩም። የዊልበርት የቡላት ትሪ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከትሪው አንድ እፍኝ አነሳሁና ጫፉን አስተካክዬ በሁለት እጄ ለራሱ ሰጠሁት። «ይህ የእኔው ቅጠል ነው እኮ» አለኝ። ቅጠል ቅጠል ነው፤ ሰኞ በጊዜ ና፤ ጫማ አድርግ አልኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ የስፌት መኪናውን ዘይት መቀባት ጀመረ፤ ዘይት አላስፈለጋትም ነበር።

ከተረፈው ቅጠል ደህናውን አንድ መርጬ እዚህ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። ሲደርስ ይደርቃል፤ በፖስታ የሚላክ ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በእጅ መሰጠት ነበረበት። ጋል ሩቅ ነው፤ ጉልበቴም የነገርኩሽ ነው።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ነይ አላልኩሽም። ሩቫኒ ያለችውን ነው የነገርኩሽ። ቅዳሜ፣ ከሰርጉ በፊት ባለው፣ ከኮሎምቦ የሚመጣው ባቡር ናኑ ኦያ ጣቢያ ሲደርስ ሞሪሷን እዚያ አቆማለሁ። አዲስ መስኮት ዳገት ላይ ሳይሞከር ለሰርግ አይወጣም፤ ለዚህ ነው የምሄደው። ከባቡር የሚወርድ ሰው ካለ ይወርዳል። የኋላው ወንበር ትልቅ ሰው ሁለት፣ ሕፃን አንድ ይይዛል፤ ለክቼዋለሁ። ለሕፃን ሹራብ ያስፈልገዋል፤ በጠረፍ ልብስ እዚህ አይመጣም፤ ጆሮውን የሚሸፍን ኮፍያ ይሁን። ሩቫኒ የእናትሽን ክፍል ከፍታ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ስታወጣ አይቻታለሁ፤ ማን አዘዘሽ አላልኳትም።

ያ ባቡር ደግሞ ሳይዘገይ ደርሶ አያውቅም። ይዘግይ። እኔ አልቸኩልም።

የቡድሃ፣ የሕጉና የመነኮሳቱ ጥላ ከላይሽ አይለይ። አንቺን ይጠብቁ፤ ናላካን ይጠብቁ፤ እግሩን ያጽኑለት። ባልሽን ሊዮኔልንም ይጠብቁ። ዊልበርት እዚህ ላይ እስክርቢቶውን አነሳና አየኝ። ምን ታፈጥብኛለህ፣ ስሙ ይኸው አይደል፣ ጻፍ አልኩት።

አባትሽ
ሄራት ሙዲያንሰ

ከስሙ ስር ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። የተበላሸው ማስቲሽ ስለነካኝ ነው እንጂ እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም።